ሦስት ከባድ ክረምቶች በላይኛው ሚቺጋን፦ አጋዘን በረዶን እንዴት ይሻገራል?

ኖቬምበር 2014 ገና ሳይጋመስ በረዶው መጣ። ከ10ኛው እስከ 12ኛው ቀን ድረስ በሚቺጋን ግዛት የላይኛው ልሳነ ምድር፣ በማርኬት አውራጃ ከፍታዎች ላይ 1 ሜትር ገደማ ተቆለለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በ15ኛው ቀን ነው። ይህ ቀን እዚያ አገር ከበዓል አይተናነስም፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ከተሞች አሉ። በዚያ ዓመት ግን ብዙ አዳኝ የለመደው ቦታ ላይ ተቀምጦ ባዶ ጫካ ሲያይ ዋለ። አጋዘኖቹ ቀድመውት ወጥተዋል።

ወዴት ሄዱ? የሄዱትስ ጸደይን አዩ ወይ? እዚህ የማየው ይህንኑ አንድ አካባቢና ተከታታይ ሦስት ክረምቶችን ነው፤ 2012/13፣ 2013/14 እና 2014/15። ስለ አጋዘንና በረዶ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚለው «ብርዱ ይፈጃቸዋል፣ የሚበላ ብንሰጣቸው ግን ይተርፋሉ» ነው። እዚያ የሆነው ነገር ይህን ሐሳብ አያግዘውም።

የምናወራው ስለ ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን ነው። ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ ወይም ቶሮንቶ የሚኖር አንባቢ ያውቀዋል፤ ጓሮ ገብቶ አበባ የሚጨርሰው፣ ማታ መንገድ ላይ የመኪና መብራት ሲያይ ድርቅ ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። ከእኛ አገር አጋዘን ጋር ዝምድናቸው ሩቅ ነው። የዚህኛው ወንድ ቀንድ በየክረምቱ ወድቆ በጸደይ እንደ አዲስ ይበቅላል።

ከሐይቁ የሚነሳው በረዶ

የላይኛውን ልሳነ ምድር በሰሜን የሱፒሪየር ሐይቅ፣ በደቡብ የሚቺጋን ሐይቅ ያዋስኑታል። ከካናዳ የሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ገና ባልበረደው የሱፒሪየር ውሃ ላይ ሲያልፍ ሙቀትና እርጥበት ይጭናል። የብስ ላይ ሲደርስ ኮረብታው ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የጫነውንም እዚያው ያራግፈዋል። በኪዊናው አውራጃ በ1978/79 ክረምት የወረደው በረዶ 390 ኢንች ነበር። 10 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በደቡቡ ዳርቻ፣ ኤስካናባ አካባቢ ግን የዓመቱ ድምር 1 ሜትር ተኩል የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ልሳነ ምድሩ በሚጠብበት ቦታ ከአንዱ ሐይቅ ዳርቻ እስከ ሌላው በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አጋዘኑ የሚጠቀመው ይህን ልዩነት ነው። በረዶው ሲከብድ ከሰሜኑ ከፍታ ወደ ደቡቡ ዝቅታ ይወርዳል። አንዳንዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዱ ደግሞ በርካታ አሥር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንገዱን ግልገል ከእናቱ ይማራል፤ ሴቷም በተራዋ ልጆቿን በዚያው ትመራለች። ስለዚህ በየዓመቱ የሚመለሱት እዚያው የለመዱት ጫካ ውስጥ ነው። ጫካው ቢጎዳ እንኳ ልማዱ ቶሎ አይለቃቸውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

የአካባቢው ሰዎች የሚከርሙበትን ጫካ «ዲር ያርድ» ይሉታል። ከታወቁት አንዱ በሚቺጋን ሐይቅ ሁለት ወሽመጦች መካከል ወደ ውሃው የገባው የስቶኒንግተን መሬት ነው። እንዲህ ያለ ጫካ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ጣሪያና ምግብ። ጣሪያው ሄምሎክ የሚባለው ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙውን በረዶ ላዩ ላይ ያስቀረዋል፤ ሥሩ ያለው በረዶ ከሜዳው በጣም ያነሰ ነው። ነፋስም አያስገባም። ምግቡ ደግሞ ነጭ ሴዳር ነው፤ ቅጠሉን ያየ የእኛን ጽድ ያስታውሳል፣ በእርግጥም ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሌላው የክረምት ቅጠልና ጭራሮ ሁሉ ተደባልቆ ካልተበላ አያዘልቅም። ሴዳር ግን ብቻውን አጋዘንን ክረምቱን ሊያሻግረው ይችላል፤ በቀን 2 እና 3 ኪሎ ካገኘ። ባልሳም ፈር የሚባለውም ዛፍ እዚያው በብዛት አለ። አጋዘን እሱን መብላት ከጀመረ ግን ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት አይሆንም።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያወቅነው በሺንግልተን መንደር አጠገብ በነበረው የኩሲኖ የዱር እንስሳት ምርምር ጣቢያ በተሠራ ሥራ ነው። ሉዊስ ቨርሚ እና ጆን ኦዞጋ እዚያ አጋዘን በአጥር ከልለው፣ የሚበላውን እየመዘኑ፣ የጫካውን ሙቀትና ነፋስ እየለኩ ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ለጥቂት ወራት ካሜራ ሰቅሎ ወደ ቤት የሚገባ ጥናት አልነበረም።

የሰውነቱ ሂሳብ

በረዶው ከመውረዱ በፊት ባሉት ሁለት ወራት አጋዘኑ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ የኦክ ፍሬ፣ የወደቀ አፕል፣ ከእርሻ የተረፈ። ስቡ ከቆዳው ሥር፣ ከኩላሊቱ ዙሪያና ከአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀላ ያለው ጸጉሩ ረግፎ ግራጫና ወፍራም ጸጉር ይተካዋል። የላዩ ጸጉር ውስጡ ባዶ ነው፣ አየር ይይዛል። ከሥሩ ደግሞ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ጸጉር አለ። ይህ ልብስ ሙቀት ስለማያባክን በጀርባው ላይ ያረፈ በረዶ ሳይቀልጥ ይቆያል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው የሚገርመው። ክረምት ሲገባ የአጋዘኑ የምግብ ፍላጎት ራሱ ይወርዳል። በአጥር ተከልሎ እስኪጠግብ የሚቀለበው እንኳ ከቀድሞው ሲሶ ያህል ቀንሶ ይበላል። ትዕዛዙ የሚመጣው ከቀኑ ማጠር ነው፤ ሆርሞኑ ይለወጣል። ብዙ አይንቀሳቀስም። ረጅም ሰዓት ተጠቅልሎ ይተኛል። ደመወዙ የቆመበት ሰው ወጪውን ቆርጦ ባጠራቀመው እንደሚኖረው ማለት ነው። ምንም ቢያደርግ ይከስራል፤ የሚችለው ኪሳራውን ማዘግየት ብቻ ነው። ጤነኛ ትልቅ አጋዘን የክብደቱን 20 በመቶ አጥቶ ጸደይ ሊደርስ ይችላል። ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ መመለሻ የለውም።

እንግዲህ ጥልቅ በረዶ የሚጎዳው በብርዱ ሳይሆን በመንገዱ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ መራመድ ይከብደዋል። 50 እና 60 ሲደርስ ደረቱን ይነካዋል፤ መራመዱ ቀርቶ እየዘለለ ለመሄድ ይገደዳል። እያንዳንዱ ዝላይ ያጠራቀመውን ስብ ያቃጥላል። ዲር ያርድ ሌላ ጥቅሙ እዚህ ጋ ይታያል። ብዙ አጋዘን በአንድ ቦታ ስለሚመላለስ በረዶው ይረገጥና ጠንካራ ጠባብ መንገዶች ይፈጠራሉ። ወደ ምግብም፣ ከተኩላ ለማምለጥም የሚኬደው በእነዚያው ነው። በጣም የሚያስፈራው ደግሞ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ በረዶው ቀን ቀልጦ ሌሊት ሲጋገር ነው። ተኩላና ኮዮት የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ቀለል ስለሚሉ በቅርፊቱ ላይ ይሮጣሉ፤ የአጋዘኑ ቀጭን ሰኮና ግን ይሰረጉዳል።

ጎረቤቲቱ ዊስኮንሲን የክረምቱን ክፋት የምትለካበት መንገድ ቀላል ነው። ከዲሴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ፣ መሬት ላይ ያለው በረዶ 18 ኢንች (46 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ በሆነበት ቀን ሁሉ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች በወረደበት ቀንም አንድ ነጥብ። ድምሩ ከ50 ካነሰ ክረምቱ ቀላል ነበር፤ ከ100 ካለፈ እጅግ ከባድ። እኔ ይህን መለኪያ የምወደው ቀን ስለሚቆጥር ነው። አንድ ትልቅ ወጀብ ዜና ይሆናል እንጂ ብቻውን አጋዘን አይጨርስም። የሚጨርሰው የቀኑ ብዛት ነው።

ሦስቱ ክረምቶች

ከዚህ አንጻር ሲታይ የ2012/13 ክረምት ጥፋቱ መጨረሻው ላይ ነበር። ጸደይ አልመጣ አለ። ከሱፒሪየር ማዶ ባለችው ዱሉት ከተማ በኤፕሪል 2013 ብቻ 50.8 ኢንች፣ 129 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወረደ። የከተማዋ ታሪክ ያን ያህል በረዶ በአንድ ወር አይቶ አያውቅም ነበር። ለአጋዘን ኤፕሪል የሞት ሽረት ወር ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ቀድሞ አልቋል፣ የኩላሊቱም ተከትሎ ሄዷል፣ የቀረው የመቅኔው ነው። ባለሙያዎች ሞቶ የተገኘ አጋዘን ሲያጋጥማቸው የጭኑን አጥንት ሰብረው የሚያዩት ለዚህ ነው። መቅኔው ነጭና ጠጣር ከሆነ የሞተው በሌላ ምክንያት ነው። ቀይ ሆኖ እንደ ጄሊ ከተዝለገለገ ረሃብ ነው።

ቀጥሎ የመጣው 2013/14 ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከባድ ነበር። ማርች 6 ቀን 2014 የታላላቆቹ ሐይቆች 92.5 በመቶ ገጽ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ሐይቁ ሲዘጋ ነፋሱ የሚጭነው እርጥበት ስለማያገኝ አዲስ በረዶ ይቀንሳል። መልካም ይመስላል። ግን ውሃው ለአካባቢው የሚሰጠው ሙቀትም አብሮ ይዘጋል። ቅዝቃዜው ይጠነክራል፣ የወረደውም በረዶ እንዳለ ይቀመጣል። ሱፒሪየር ላይ ጁን እስኪገባ ድረስ የሚንሳፈፍ በረዶ ነበር።

ከዚያ ያ የኖቬምበር 2014 ወጀብ። አጋዘኖቹ ከሌላው ጊዜ ቀድመው ወደ ዲር ያርድ ገቡ፤ የዲር ያርዱ ምግብም በዚያው ልክ ቀድሞ መበላት ጀመረ። ፌብሩዋሪ 2015 ደግሞ በአካባቢው ከታወቁት እጅግ ቀዝቃዛ ፌብሩዋሪዎች አንዱ ሆነ።

ማን ሞተ? ተራው ይታወቃል። መጀመሪያ ግልገሎች። ሰውነታቸው ትንሽ ነው፣ እግራቸው አጭር ነው፣ ከበረዶው በፊት የበሉትንም ከስብ ይልቅ በእድገት ላይ አውለውታል። ዲር ያርድ ውስጥ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ ሲበላ ትልቁ አጋዘን በኋላ እግሩ ቆሞ ከላይ ይቀጥፋል፤ ግልገል አይደርስም። ቀጥሎ አውራዎቹ። ኖቬምበር ላይ ሴት ሲያባርሩና እርስ በርስ ሲዋጉ ብዙ ክብደት አጥተው ነው ክረምት የሚገቡት። ከሁሉ የተሻለ የምትተርፈው ትልቋ ሴት ናት።

እሷም ብትተርፍ ሂሳቡ አይዘጋም፤ ምክንያቱም እርጉዝ ናት። ቨርሚ በኩሲኖ ባደረገው ሙከራ፣ በደንብ የተቀለቡ እናቶች ከወለዷቸው ግልገሎች የሞቱት ከመቶ ከአሥር ያነሱ ነበሩ። ክረምቱንም ጸደዩንም የተራቡት ግን ከአሥር ግልገል ዘጠኙን አጡ። ግልገሎቹ ሲወለዱ ትንንሾች ናቸው፣ የእናትም ጡት ወተት የለውም። ከባድ ክረምት ሁለት ትውልድ ይመታል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ባለፈው ዓመት የተወለደውንና ገና በሆድ ያለውን። ሦስት ክረምት በተከታታይ ሲሆን ደግሞ የሚተካ ወጣት አጋዘን ይጠፋል።

በ2014 በላይኛው ሚቺጋን በአደን የተገደለው አጋዘን ከቀደመው ዓመት በሲሶ ያህል ቀነሰ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ቅናሽ በሙሉ የሞተ አጋዘን አይደለም፤ ያ ወጀብ አዳኙን ከመንገድ፣ አጋዘኑን ከቦታው አስቀርቷል። ቢሆንም ነገሩ አስደንግጦ ነበር። የ2015 አደን በዚያ አካባቢ ጨርሶ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ለግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት ኮሚሽን ቀርቦ መከራከሪያ ሆነ። በመጨረሻ አደኑ አልተዘጋም። የሴት አጋዘን ፈቃድ ተቀነሰ፣ ባለ ቀስቶችም ሴትና ግልገል እንዳይገድሉ ተከለከሉ። እናቶቹን ማዳን ነበር ዓላማው፤ እንደ እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ብዙ አዳኝ ጥፋቱን ተኩላ ላይ ጣለ። በ2014 ቆጠራ በላይኛው ሚቺጋን ቢያንስ 636 ተኩላዎች ነበሩ፤ አጋዘንም ይበላሉ፣ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን በ2009 አካባቢ ጀምሮ በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ በረዶ ቀጠናዎች ግልገል የሚገድለውን አውሬ ለመለየት የተካሄደው ጥናት መጀመሪያ ያየው የዝቅተኛውን ነበር። እዚያ ግልገል በመግደል ፊት የተገኘው ኮዮት እንጂ ተኩላ አልነበረም። በረዶ ደግሞ ማን እንደሚያዝ ቀድሞ ይወስናል። የተራበና የሰመጠ አጋዘን ለማንም ቀላል ነው።

በቆሎ ይዞ የሚመጣው ሰው

ደጋግ ሰዎች ዝም ብለው አላዩም። የሚራበውን አጋዘን አይተው በቆሎና ድርቆሽ ጭነው ሄዱ። ልባቸውን አልወቅስም። ሥራው ግን አደገኛ ነው።

አጋዘን እንደ በሬ ያመሰኳል። የበላውን የሚፈጩለት በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ጃንዋሪ ላይ እነዚህ ተሕዋስያን ለጭራሮና ለሴዳር ቅጠል የተዘጋጁ ናቸው፤ ወደ ሌላ ምግብ ለመዞር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። በድንገት ብዙ በቆሎ ሲገባ ስታርቹ ይቦካል፣ አሲድ ይሞላል፣ የጨጓራው ግድግዳ ይቃጠላል። አጋዘኑ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሆዱ ሞልቶ ይሞታል። በ2015 በኒው ሃምፕሸር፣ ሳውዝ ሃምፕተን በምትባል ትንሽ ከተማ 12 አጋዘኖች በአንድ አካባቢ ሞተው ተገኙ። ምክንያቱ ሰዎች የሰጧቸው ለክረምት የማይሆን ምግብ ነበር።

በዚያ ላይ ሌላም ችግር አለ። ክምሩ ላይ ጉልበተኛው ይበላል፣ ግልገሉ ይገፋል። አጋዘኖቹ ከጣሪያቸው ወጥተው ወደ መንገድ ይሳባሉ፤ ዩ ኤስ 2 የሚባለው አውራ ጎዳና በደቡቡ ዳርቻ፣ ዲር ያርዶቹ በበዙበት በኩል ነው የሚያልፈው። በሽታም አለ። በ1994 በታችኛው ሚቺጋን ሰሜን ምሥራቅ የከብት ቲቢ በዱር አጋዘን ላይ ሲገኝ፣ እንዲሰራጭ ካገዙት ነገሮች አንዱ ምግብ እየከመሩ መቀለብ ነበር።

ከበቆሎው ይልቅ የሚረዳቸው መጋዝ ነው። በክረምት እንጨት ሲቆረጥ ጫፉና ቅርንጫፉ መሬት ላይ ይቀራል። የለመዱት ምግብ ስለሆነ ጨጓራቸው አይደነግጥም። በላይኛው ሚቺጋን አጋዘኖች የመጋዙን ድምፅ ሰምተው ይመጣሉ፤ ሠራተኞቹ ሳይሄዱ መብላት የሚጀምሩም አሉ።

የሚበላው ጣሪያ

አሁን ወደዚያ ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ። አጋዘን ለለመደው ዲር ያርድ ታማኝ ነው። ሴዳርና ሄምሎክ ግን እያረጁ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ብዙው ተቆርጧል፤ የሄምሎክ ልጥ ለቆዳ ማልፊያ በጣም ይፈለግ ነበር። ከቆረጣው የተረፈው ዘር ይጥላል፣ ችግኝም ይወጣል። ችግኙን ግን በየክረምቱ አጋዘኑ ይበላዋል። አንድ ሴዳር ከአጋዘን አፍ በላይ ለማደግ ብዙ አሥር ዓመት ይፈልጋል። ስቶኒንግተን ላይ ከትልልቆቹ ሄምሎኮች ሥር ተተኪ ወጣት ዛፍ የማይታይበት ቦታ ሞልቷል። አጋዘኖቹ ያለ ዛፉ አይከርሙም፣ ዛፉም በእነሱ ምክንያት አይተካም። እኔ ይህን ከበረዶውም ከተኩላውም የባሰ ችግር አድርጌ ነው የማየው።

በ2015 ለዚሁ ጉዳይ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያው፣ አዳኞችና የደን ባለቤቶች የተሰባሰቡበት የሥራ ቡድን ተቋቋመ። ሥራው ዲር ያርዶቹን በካርታ መለየት፣ ባለ መሬቶቹ ጣሪያ የሚሆነውን ዛፍ ሳይቆርጡ እንዲተዉ ማግባባትና አዲስ መትከል ነው። ቀጣዩ ክረምት፣ 2015/16፣ በኤልኒኞ ምክንያት ቀላል ስለነበር ግልገሎች ተረፉ፣ ቁጥሩም ማገገም ጀመረ። የተተከለው ሴዳር ግን ለዚያ ትውልድ አይደርስም።

በ2018 ደግሞ አዲስ ነገር ተጨመረ። በዲኪንሰን አውራጃ አንዲት ሴት አጋዘን አእምሮ በሚያጠፋውና መድኃኒት በሌለው የአጋዘን በሽታ፣ ሲ ደብሊው ዲ በሚሉት፣ ተይዛ ተገኘች። በላይኛው ሚቺጋን የመጀመሪያዋ ነበረች። በእነዚያ ዓመታት ባለሙያዎች በክረምት ዲር ያርድ ውስጥ አጋዘን እየያዙ አንገቱ ላይ ጂፒኤስ አስረውበታል፣ በጸደይ የት የት እንደሚበተንም ተከታትለዋል። በአንድ ሄምሎክ ሥር አብረው የከረሙት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ክረምቱን የሚያሻግራቸው አብሮ መጠጋጋት በሽታውንም አብሮ ሊያሻግር ይችላል፤ እነዚያን አጋዘኖች ደግሞ በታኅሣሥ በረዶ ውስጥ ተራራቁ ማለት አይቻልም።